ከሃዲ የሚባል ስም

በአማርኛችን "ከሃዲ" የሚለው ቃል ሁለት ጌቶች ያገለግላል። አንደኛው ጌታ ቤተ እምነት ነው፤ ፈጣሪውን የካደ ከሃዲ ይባላል። ሁለተኛው መንግሥት ነው፤ አገሩን የካደም ከሃዲ ነው። ቃሉ ለሁለቱም ስለሚታዘዝ፣ አንደኛው ሲጠራው የሌላውንም ዱላ ይዞ ይመጣል። መንግሥት የተቃወመ ሰው እግዜርንም የካደ ይመስላል። እግዜር የለም ያለ ሰው ደግሞ አገር ሊሸጥ ገበያ የወጣ ይመስላል።

ይህን ያነሳሁት እንዲያው ለቃላት ጨዋታ አይደለም። ስለ "ያ ትውልድ" ወሬ በተነሳ ቁጥር፣ ለቅሶ ቤትም ይሁን ታክሲ ውስጥ፣ አንዲት የማትቀር ዓረፍተ ነገር አለች፤ "ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው እግዜርን ስለካዱ ነው።" የሚናገሯት አንዳንዴ ልጃቸውን በዚያ ዘመን ያጡ እናት ናቸው። ልጅ ያጡ እናትን ምን ብሎ መሟገት ይቻላል? ዝም ይባላል። ግን ዝም ማለት ሌላ፣ አምኖ መቀበል ሌላ።

መቼም ይቺ ዓረፍተ ነገር በብዙ ቦታ ልትመዘን ትችላለች። እኔ ግን መተማ ይዣት ልወርድ ነው። ለምን መተማ? አንደኛ፣ የድሮ ገበያ ናትና ሚዛን አታጣም። ሁለተኛ፣ በሃይማኖት ስም የተሰለፉትም፣ ሃይማኖት የለንም ያሉትም በዚያችው በር አልፈዋል።

ለማያውቃት አንባቢ፦ መተማ ከጎንደር ተነስቶ በአይከልና በገንደ ውኃ በኩል ቁልቁል የሚወርደው መንገድ አገራችንን ጨርሶ ሱዳን የሚገባባት ከተማ ናት። ማዶ ያለችው ገላባት ትባላለች። ሙቀቱና ወባው የታወቀ ነው፤ ሰሊጡ፣ ጥጡና ማሽላውም እንደዚያው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ቡናና ሰም፣ ጥጥና ፈረስ፣ ለመናገር ቢከብድም ሰውም ይሸጥባት ነበር። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ከምዕራብ አፍሪካ ተነስተው በመካ መንገድ ላይ የቀሩ፣ ተክሩር የሚባሉ ሙስሊሞች ሰፍረውባት ነበር። እነዚህ ሰዎች ወደ ደጋው ለኢትዮጵያ፣ ወደ ቆላው ለግብጽ ሹማምንት እየገበሩ ሁለቱንም ደስ አሰኝተው ማደር ያውቁበት ነበር። የድንበር ሰው ብልሃት ይሏል ይህ ነው።

ይህን ብልሃት ያፈረሰው አምላክ የለሽ አልነበረም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው የካህናቱን ክርክር ከዘጉ በኋላ፣ ሙስሊሙም እንዲጠመቅ ታዘዘ። የተጠመቀ ተጠመቀ፣ የሸፈተ ሸፈተ፤ ሌላው ሃይማኖቱን በጉያው ይዞ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ወረደ። በማዶ በኩል ደግሞ ማህዲ ተነስቶ የሱዳንን ምድር በእምነት እሳት ለኩሶት ነበር። በጥር 1880 ዓ.ም. የእኛ ሰዎች ድርቡሽ የሚሉት ያ ጦር ጎንደር ድረስ ወጥቶ ከተማዋን ከነአብያተ ክርስቲያናቷ አቃጠለ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊታቸውን ይዘው መተማ ላይ ገጠሙ። ድል ወደ እሳቸው ሲያዘነብል በጥይት ተመቱ፤ አረፉ። ጦራቸው ተፈታ። አስከሬናቸው በድርቡሾች እጅ ወደቀ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተላከ። ከተማዋ ዛሬም መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

ከሁለቱ ጦር ውስጥ እግዜር የለም የሚል አንድ ሰው ቢፈለግ ይገኝ ነበር? አይመስለኝም። ሁለቱም ጸልየው ነው የተሰለፉት። ሁለቱም የሞተባቸውን ሰማዕት ብለው ነው የቀበሩት። እንግዲህ የእናትየዋን ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ሚዛን ላይ ስናስቀምጣት ከፍ ብላ ትቀራለች። ደም ለመፍሰስ ክህደት አላስፈለገውም።

አሁን አምላክ የለሾቹን እንጥራቸው።

አምላክ የለሽነት ወደ አገራችን በቆላው በር አልገባም። ከጠራራ ፀሐይ ይልቅ ከቤተ መጻሕፍት ጥላ ሥር ነው የበቀለው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. "መሬት ላራሹ" ብለው አደባባይ ሲወጡ ጥያቄው የሆድና የርስት ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ግን መልሱ ከማርክስና ከሌኒን መጻሕፍት ይቀዳ ጀመር። መኢሶን በ1960 ዓ.ም. ሃምቡርግ፣ ኢሕአፓ በ1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ ተመሠረቱ። ማርክስ ሃይማኖትን ከማደንዘዣ ጋር ያመሳሰለባትን ሐረግ ያልሰማ አልነበረም። እዚያው አጠገቧ፣ ሃይማኖት የተገፋ ሰው የሚተነፍስበት መሆኑንም መጻፉን ግን ያስተዋለ ጥቂት ነው። ግማሿ ሐረግ አማርኛ ተናጋሪ ሆነች፤ ግማሿ እዚያው ጀርመን ቀረች።

እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ስም ላይ ዓይኔ ይቀራል። የእነዚህን ሰዎች ስም እስቲ አንድ በአንድ ጥሩልኝ። ከኢሕአፓ ቀዳሚ መሪዎች አንዱ ብርሃነ መስቀል ረዳ ነው፤ የመስቀሉ ብርሃን ማለት ነው። ሌላው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው፤ አባቱ የመድኃኔ ዓለም አገልጋይ ተብለው የተሰየሙ፣ እሱም ራሱ በትግል ስሙ "ደብተራው" ተብሎ የሚታወቅ። በ1983 ዓ.ም. በኢሕአዴግ ሠራዊት እጅ ከወደቀ በኋላ የት እንደደረሰ ለቤተሰቡ ሳይነገር ቀረ። ያሳደዳቸው የደርጉ ሊቀ መንበር ደግሞ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፤ የማርያም ኃይል። ኮሙኒስት ከኮሙኒስት ጋር የተገዳደለበት ያ ጦርነት የስም ዝርዝሩን ብቻ ለሚያነብ የገዳም ጠብ ነው የሚመስለው። እምነትን ከጭንቅላት ማውጣት ይቻል ይሆናል፤ ከአባት ስም ማውጣት ግን ቀላል አይደለም።

የእኔ ዕድሜ እኩዮች ከዚያ ትውልድ ወዲህ ነን። እነሱ ማርክስን ተደብቀው አነበቡት፤ እኛ ማርክስን ተፈተንነው። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ያስታውሰዋል። ዲያሌክቲካዊ ቁስ አካላዊነት የግዴታ ትምህርት ነበር። ዓለም ፈጣሪ የላትም ብለን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንጽፋለን። ውጤት የሚለጠፍበት ቀን ሲደርስ ግን ከመካከላችን ጧፍ ገዝቶ ማርያም ደጅ ያልሄደ ጥቂት ነበር። የእኛ አምላክ የለሽነት እንደ ቀበሌ ስኳር በመታወቂያ የታደለ ነው፤ አልቆ ሲጠፋም ማንም አላዘነለትም። የእነሱ ግን የተከፈለበት ነበር። ልዩነቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሁለቱን አንድ አድርጎ መውቀስ የተለመደ ሆኗል።

ወደ መተማ ልመለስ። በ1969 ዓ.ም. ከተማዋ እንደገና ተያዘች። የያዛት ኢዲዩ ነው፤ የኢትዮጵያ ዲሞክራቲክ አንድነት የሚባለው፣ መሳፍንቱና መኳንንቱ የመሩት ድርጅት። ከመሪዎቹ አንዱ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ናቸው። ልዑሉ ማን ናቸው? መተማ ላይ የወደቁት የአፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ልጅ። ኢዲዩ ደርግን ርስት ቀማኛና እግዜር የለሽ አድርጎ ነው ለገበሬው ያቀረበው። ጦሩ የተነሳው ከየት ነው? ከሱዳን፣ በኒሜሪ መንግሥት ድጋፍ። የንጉሡን ራስ ወደ ኦምዱርማን የወሰደው መንገድ፣ ከ88 ዓመት በኋላ የንጉሡን ዘር በጦር መሪነት መልሶ አመጣ። ድንበር ቂም አይዝም፤ ወይም ቂም የሚያዝበትን ጊዜ ይመርጣል። ደርግ ደግሞ መተማንና ሁመራን መልሶ ለመያዝ ገበሬውን ሲጠራ የማርክስን ስም አላነሳም፤ የእናት አገር ጥሪ ነው ያለው። የየትኛውም ወገን ካድሬ ሰው እንዲሞትለት ሲፈልግ ምን ብሎ መጥራት እንዳለበት ያውቃል።

በዚያው ሰሞን ጎንደር ከተማ ላይ የነበረውን እንኳን የጎንደር ሰው ማንም ያውቀዋል። የክፍለ ሀገሩ የደርግ ሹም መላኩ ተፈራ ነበር። ልጆቻቸው ያለቁባቸው እናቶች ሙሾ ሲያወርዱ ሹሙን ከፈጣሪ ጋር ወንድማማች አድርገው የዛሬን ብቻ እንዲምርላቸው ለመኑት፤ ዳግም ላይወልዱ እየማሉ። ይህን ሙሾ ለብዙ ዓመት ሳስበው ኖሬያለሁ። እግዜር የለም ባለ መንግሥት ዘመን፣ ሰው ለመንግሥቱ ሹም ያገኘለት ብቸኛ መግለጫ የእግዜር ዝምድና ነው። ሰማዩ ባዶ ነው የተባለ ጊዜ፣ ወንበሩ ባዶ እንዳልቀረ እናቶቹ ከማናችንም ቀድመው አይተውታል።

ከዚያ እልቂት ያመለጠው ወጣት የሚወጣበት አንዱ በር መተማ ነበር። በሌሊት፣ በእግር፣ ወባ እየጣለው ገላባት፣ ከዚያ ገዳሪፍ። እዚያስ ምን ጠበቀው?

ሱዳን በአፍሪካ ከነበሩት ጠንካራ የኮሙኒስት ፓርቲዎች አንዱ የነበረባት አገር ናት። በ1958 ዓ.ም. አንድ ተማሪ በስብሰባ ላይ የነቢዩን ቤተሰብ የሚነካ ነገር ተናገረ ተብሎ ካርቱም ተናወጠች። ተማሪው የፓርቲው ነው ተባለ፣ ፓርቲው ከሃዲ ነው ተባለ፤ ምክር ቤቱም ፓርቲውን አግዶ ሕዝብ የመረጣቸውን አባላቱን አስወጣ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እገዳው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ቢፈርድም የሰማው አልነበረም። በሐምሌ 1963 ዓ.ም. ደግሞ ኒሜሪ የከሸፈ መፈንቅለ መንግሥት ተከትሎ የፓርቲውን ዋና ጸሐፊ አብዱል ኻሊቅ ማህጁብን በስቅላት ገደለ። እንግዲህ የእኛ ኮሙኒስቶች ነፍሳቸውን ለማዳን የተጠጉት እንደነሱ ያሉትን ወደሚሰቅል መንግሥት ነበር። ያው መንግሥት በ1975 ዓ.ም. መጨረሻ ሸሪዓን የአገሪቱ ሕግ አድርጎ ሲያውጅም ብዙዎቹ እዚያው ነበሩ።

በዚያ መንገድ ያለፉ አንድ ታላቅ ወዳጅ አሉኝ። ዛሬ ሽማግሌ ናቸው። ድንበሩን ተሻግረው ገዳሪፍ ሲደርሱ መዝጋቢው ስማቸውን ጠየቃቸው፣ ተናገሩ። የአባት ስም አለ፣ ተናገሩ። ሃይማኖት ሲል ግን ቆም አሉ። ባሕር ዳር ላይ፣ ጎንደር ላይ፣ በጥናት ክበብ ውስጥ ሲከራከሩበት የኖሩት ጥያቄ እዚያ በአረብኛ መጣ። "ክርስቲያን" አሉ። "እስከ ዛሬ አልለየሁትም" ይሉኛል። "ያን ቀን የዋሸሁት ለሱዳኑ ጸሐፊ ነው ወይስ ቀደም ሲል ለድርጅቴ?" መልስ ሳይጠብቁ ይስቃሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ግን ጥያቄው ቀልድ አይደለም።

አሁን ሁለተኛውን ሚዛን እናንሳ። ደርግ አምላክ የለሽ ስለነበረ ነው የገደለው ካልን፣ የገደላቸውን ሰዎች ዝርዝር ማየት አለብን። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አወረደ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ገደለ። የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳን በዚያው ክረምት ገደለ። እዚህ ድረስ ዓረፍተ ነገራችን ትሠራለች። ነገር ግን በዚያው ዓመት የመኢሶኑን መሪ ኃይሌ ፊዳንም ገደለ፤ በአገሪቱ ማርክስን ከማንም አስቀድመው ካጠኑት አንዱን። ብርሃነ መስቀል ረዳንም አልማረም። ፓትርያርክ፣ ቄስና ኮሙኒስት በአንድ እጅ ጠፉ። ያ እጅ ማንን ጠየቀ? ማንም ታምናለህ ወይ አልተባለም። የተጠየቀው ትታዘዛለህ ወይ ነው። ከሃዲ የሚለው ቃል ሁለተኛው ጌታ ያን ጊዜ ብቻውን ነግሦ ነበር።

ይህን ስል አምላክ የለሾቹን ነጻ ላወጣ አይደለም። ሚዛን ካነሳን እስከ መጨረሻው እናንሳ። ኢሕአፓ የመኢሶን ሰዎችን በከተማ እየጠበቀ ገድሏል። መኢሶን ደርግ ቀይ ሽብር ሲያውጅ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ራሱ ታዳኝ ሆኖ ጫካ እስኪገባ ድረስ። ኢሕአፓም በአሲምባ ተራራ ላይ የገዛ ልጆቹን "አንጃ" ብሎ ረሽኗል። "አንጃ" የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ደብተራዎቹ "መናፍቅ" የሚሉት ሰው ማለት ነው፤ ልብሱን ብቻ ነው የቀየረው። ንስሐ "ግለ ሂስ" ሆነ። ማኅበር "ሕዋስ" ሆነ። ሰማዕት ብቻ ስሙን ሳይለውጥ እንደ ሰማዕት ቀጠለ።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ከእናትየዋ ይለያል። የዚያ ትውልድ ጥፋት ተጠራጣሪ መሆኑ አይደለም፤ መጠራጠሩን በመንገድ ላይ ማቆሙ ነው። እግዜርን የጠረጠሩ ልጆች ድርጅታቸውን መጠርጠር አልደፈሩም። ሺህ ዓመት የቆየን እምነት ለመመርመር ድፍረት ነበራቸው፤ አምስት ዓመት ያልሞላውን ፕሮግራም ለመመርመር ግን ድፍረቱ አለቀ። ሙሉ ተጠራጣሪ ሰው ይሳሳታል፣ ይተክዛል፣ ምናልባትም ይሰክራል፤ ጎረቤቱን ለመግደል የሚያበቃ እርግጠኝነት ግን አያገኝም። መጋቢት 1881 መተማ ላይ የሞላው፣ 1969 ጎንደር ላይ የሞላው ያው እርግጠኝነት ነው።

አንድ ዕዳ ደግሞ አለብን፤ እሱን ሳንከፍል አንለያይ። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 መሠረት የአገሪቱ ሃይማኖት ኦርቶዶክስ ነበር። የመተማው ሙስሊም፣ የቋራው ጉሙዝ፣ የወለጋው ፕሮቴስታንት በገዛ አገራቸው የሌላ ሰው እንግዳ ነበሩ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ጎዳና እኩልነት ብለው ሲወጡ፣ አብረዋቸው ከወጡት ክርስቲያኖች መካከል በዩኒቨርሲቲው "ሃይማኖት ጠፋባቸው" የሚባሉት ልጆች ነበሩበት። መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ የሚለውን ጥያቄ አንግበው የኖሩት እነሱ ናቸው። የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓል የሆኑት ያ ሥርዓት ከወደቀ በኋላ ነው። አማኞች እርስ በርሳቸው እኩል እንዲሆኑ ከጮኹት አንዱ የማያምነው ሰው መሆኑ፣ ለእኔ የታሪካችን ደግ ገጽ ነው። ይህን ገጽ ቀደን ሌላውን ብቻ ማንበብ የለብንም።

ዛሬ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ አንቀጽ 27 የማመን ነጻነትን ይደነግጋል፤ ማንንም በእምነቱ ማስገደድ አይቻልም ይላል። በወረቀት ላይ የማያምነውም ሰው ቦታ አለው። በሠፈር ግን? ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መጋባት ይችላል። ሲሞትስ የት ይቀበራል? መቃብሩ የቤተ ክርስቲያን ነው ወይም የመስጊድ ነው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ካህን ይጠራል፤ ሟቹ በሕይወቱ ምን ይል እንደነበር የሚያውቁ ጓደኞቹ ከኋላ ቆመው ፍትሐቱን ይሰማሉ። ታላቁ ወዳጄ ይህን ሲያስቡት አይቆጡም። "እናቴ ስለ እኔ ስታምንልኝ ኖራለች፤ መቃብሩ የእሷ ድርሻ ነው" ይላሉ። ደግ መልስ ነው። ግን ሰው በእናቱ ደግነት ብቻ መቀበር የለበትም፤ በመብቱም መቀበር አለበት።

እነሱ እንኳ መቃብር ያገኛሉ። በዚያ ዘመን ብዙ እናቶች እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል፤ ልጆቻቸው በጅምላ ጉድጓድ ተደፍተዋል። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ፣ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል በነበረው ቦታ፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ከጉድጓድ የወጣ አጽም በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ አይቼበታለሁ። የትኛው ይጾም የነበረ፣ የትኛው ይሰግድ የነበረ፣ የትኛው እግዜር የለም ይል የነበረ መሆኑን ከአጽሙ መለየት አይቻልም። ሁሉንም ሰማዕት ብለናቸዋል። ደግ አድርገናል። ሙታኑ በአንድ ስም ከታቀፉ፣ ሕያዋኑን በአንድ ስም ማቀፍ ለምን ከበደን?

መተማ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሯን እንደገና ከፈተች፤ ያን ጊዜ ግን ከወዲያ ወደዚህ ነው። ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ከገዳሪፍ በኩል ሱዳናውያን ጎረፉ፤ እናቶች፣ ሐኪሞች፣ መምህራን፣ የሚሰግዱ፣ የማይሰግዱ። መካከላቸው ከማህጁብ ፓርቲ የተረፈ ሽማግሌ ይኖር ይሆን? ካለም፣ ወዳጄ የዛሬ አርባ ምናምን ዓመት ቆም ያሉበት ጥያቄ እዚህ በእኛ መዝጋቢ ፊት፣ በአማርኛ ጠብቆት ይሆናል። መዝጋቢያችን ያን መስመር ባዶ ትቶለት ውኃ ቢያቀብለው ነው ደስ የሚለኝ።

አንተስ አማኝ ነህ ወይስ አይደለህም የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እሷን ጥያቄ ከእኔና ከሚመለከተው ጋር ተዉልኝ። ቸር እንሰንብት።